የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የትርፍ ጊዜ ሥራና የነጋዴው ጥቅም

በአንዲት አነስተኛ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ለአንድ ክርክር ጠበቃ ቢያስፈልገው፣ ጠበቃውን ዓመቱን በሙሉ በደመወዝ ቀጥሮ አያኖርም፤ ጉዳዩ በደረሰ ጊዜ ሄዶ ይዋዋላል፣ ሲያልቅም ይሰነባበታል። ሒሳቡን በዓመት አንድ ጊዜ የሚመረምርለትንም ሰው እንዲሁ ያደርጋል። በኤሌክትሪክ ነገር ግን ይህ መልካም ልማድ ገና አልተስፋፋም። ሞተሩ ሲቃጠል ጠጋኝ ይጠራል፤ ሽቦው ሲጨስ ሽቦ ቀጣይ ይፈልጋል፤ ሞተሩ ስለ ምን እንደ ተቃጠለ፣ ሽቦውም ስለ ምን እንደ ጨሰ መርምሮ የሚነግረውን ሰው ግን ሳይጠይቅ ይቀራል። በሌላው ወገን ደግሞ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው፣ ከመደበኛው ሥራው የሚተርፈውን ሰዓት በምን ላይ እንደሚያውለው ሲያስብ ይታያል። አንዱ ሰዓት ተርፎታል፤ ሌላው በማያየው ቀዳዳ ገንዘቡ ይፈስበታል። የሁለቱ መገናኛ መንገድ ምን እንደ ሆነ ማጥናት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

፩. የቁይና የመሰሎቿ ከተሞች ሁኔታ

ቁይ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር የእህል አገር ስለ ሆነ፣ እንደ እርሷ ያለ ከተማ ንግድ በአብዛኛው የሚቆመው በእህልና ከእህል ጋር በተያያዘ ሥራ ነው። በእንደዚህ ያለ ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚጠይቁት ሥራዎች የታወቁ ናቸው፤ ይኸውም ወፍጮ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ ሆቴል፣ ማቀዝቀዣ ያለው መደብርና የውሃ መሳቢያ ሞተር ናቸው። ከእነዚህ መካከል አንዱም ብቻውን መሐንዲስ በወር ደመወዝ ቀጥሮ ለማኖር የሚበቃ ሥራ የለውም። ሁሉም ግን በዓመት ውስጥ ለጥቂት ቀናት የመሐንዲስ ዓይን ያስፈልጋቸዋል።

መሐንዲሱም ከወትሮው ይልቅ ቀርቧል። በጎጃም ምድር የቴክኒክ ትምህርት በሰፊው የተጀመረው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ነው። በደብረ ማርቆስም ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ በኋላ፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህራንና ተመራቂዎች በዚያው አካባቢ መገኘት ጀምረዋል። ስለዚህ የቁይ ነጋዴ መሐንዲስ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መውረድ አያሻውም።

ሥራውም እየበዛ የሚሄድ ነው። ግንባታው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ አስመጪው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢልና ወደ መሙያው መሣሪያ አዙሯል። በየከተማው በናፍጣ የሚዞረው ወፍጮ በኤሌክትሪክ ሲተካ፣ በየሱቁም አዲስ መሣሪያ ሲጨመር፣ ያረጀውና የቀጠነው ሽቦ ሸክሙን ይችል እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው ማስፈለጉ የማይቀር ነው።

፪. ከነጋዴው ዓይን የተሰወረ ኪሳራ

የመሐንዲሱ ዋና ጥቅም የማይታየውን ኪሳራ በቁጥር ማሳየቱ ነው። ይህንንም በአራት ምሳሌዎች ማስረዳት ይቻላል።

አንደኛ፤ የሽቦ ውፍረት። 15 ኪሎዋት፣ ማለትም 20 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሦስት ፌዝ የወፍጮ ሞተር አለ እንበል። ይህ ሞተር በ380 ቮልት ሙሉ ሥራውን ሲሠራ በየሽቦው 30 አምፒር ያህል ይስባል። ሞተሩ ከማከፋፈያው ሣጥን 60 ሜትር ርቆ ቢተከልና ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢዘረጋለት፣ በሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋው ኃይል 700 ዋት ያህል ነው። በዚያው ቦታ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢዘረጋ ግን ብክነቱ ወደ 280 ዋት ይወርዳል። ወፍጮው በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ የሁለቱ ልዩነት በዓመት ከ1,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። ባለወፍጮው ይህን ቁጥር በራሱ ደረሰኝ ላይ በሚያየው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ቢያባዛው፣ ወፍራሙ ሽቦ የተገዛበትን ትርፍ ገንዘብ በስንት ጊዜ እንደሚመልስለት ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ቀጭኑን ሽቦ የገዛ ነጋዴ አተረፍሁ ይላል እንጂ፣ ልዩነቱን በየወሩ በቆጣሪው በኩል ይከፍላል።

ሁለተኛ፤ የቮልቴጅ መውረድ። የዚህ ዓይነት ሞተር የመጠምዘዝ ጉልበት ከቮልቴጁ ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል። ቮልቴጁ ከመቶ 10 ሲጎድል ጉልበቱ ወደ መቶ 81 ይወርዳል፤ ከመቶ 20 ሲጎድል ደግሞ መቶ 64 ብቻ ይቀራል። እህሉ ግን ያው እህል ስለ ሆነ፣ ሞተሩ የጎደለውን ለመሙላት ብዙ አምፒር ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም የጥቅል ሽቦው ልባስ ይቃጠላል። መሐንዲሶች በተለምዶ እንደሚገምቱት፣ ሞተር ከተመደበለት ሙቀት በላይ በ10 ዲግሪ በጋለ ቁጥር የልባሱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ከዚህም የከፋው ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ሲጠፋ ነው፤ በመዞር ላይ ያለው ሞተር አይቆምም፤ እያጓራ በሁለቱ መዞሩን ይቀጥላል፤ ባለቤቱም ነገሩን ከመረዳቱ በፊት ያልቃል። ፌዝ ሲጎድል ሞተሩን ራሱ የሚያቆመው መሣሪያ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ሞተር በአዲስ ለማስጠምጠም ከሚወጣው ገንዘብ ጋር አይተካከልም።

ሦስተኛ፤ የአገሩ ከፍታ። ይህ በተለይ አስመጪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነው። በፋብሪካ የሚሠራ ሞተር በብረት ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጉልበት፣ ሌላ ነገር ካልተመለከተ በቀር፣ ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አገር የተሰላ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያም ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሞተርን በሚገባ አያቀዘቅዝም። በናፍጣ የሚሠራውም ጄኔሬተር የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ስለ ሆነ ከተጻፈው ጉልበት ያነሰ ይሰጣል። ስለዚህ ለቆላ ወደብ የተስማማ ዕቃ ለጎጃም ደጋ በዚያው ቁጥር ሊሸጥ አይገባውም። ይህን አስቀድሞ የሚመክር መሐንዲስ የያዘ አስመጪ፣ ደንበኛው ዕቃውን እየተራገመ ከመመለሱ በፊት የሚበቃውን ዕቃ ያመጣለታል።

አራተኛውም ከገንዘብ የሚበልጠው የሰው ሕይወት ነው። የመሬት ሽቦ ያልተበጀለት ሞተር ልባሱ በተላጠ ቀን፣ የብረት አካሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ የሚነካው ሠራተኛ፣ ወይም እህል ይዞ ተራ የሚጠብቅ ልጅ፣ ለሞት ይጋለጣል። የመሬት ሽቦ በደንብ ሲበጅና 30 ሚሊ አምፒር ያህል ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያመልጥ መስመሩን ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ሲገጠም፣ ይህ አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ይህን ወጪ ወደ ሌላ ዓመት ማሳደር የሚገባ አይደለም።

፫. መሐንዲሱ ሥራ የሚያገኝበት መንገድ

ብዙ መሐንዲሶች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሲፈልጉ፣ የትምህርታቸውን ማስረጃ ይዘው «መሐንዲስ ነኝ፤ ሥራ ስጡኝ» ብለው ይመጣሉ። ባለሱቁ ግን ምሕንድስና ምን እንደሚሸጥ ስለማያውቅ፣ «ስንፈልግህ እንጠራሃለን» ብሎ ያሰናብታል። ነጋዴ የሚገዛው ማዕረግ አይደለም፤ የሚገዛው የቀረለትን ኪሳራ ነው። እንግዲህ መሐንዲሱ ከዚህ በታች ባለው ሥርዓት ቢሄድ ይበጀዋል።

በመጀመሪያ፣ አንድ የተወሰነ ሥራ ይምረጥ። «የኤሌክትሪክ ሥራ ሁሉ እሠራለሁ» ከማለት ይልቅ «የወፍጮ ሞተሮችን መርምሬ ስለ ምን እንደሚቃጠሉ በጽሑፍ እነግራለሁ» ቢል፣ ባለወፍጮው ወዲያው ይረዳዋል። ቀጥሎም የምርመራውን ውጤት ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ወረቀት ያቅርብ። በዚያም ወረቀት ላይ የተለካው ቮልቴጅና አምፒር፣ የተገኘው ጉድለት፣ ጉድለቱ በዓመት የሚያስከትለው ኪሳራ፣ ማስተካከያውና የማስተካከያው ዋጋ በየተራ ይጻፉ። መለኪያውም በሥራ ሰዓት፣ ወፍጮው እህል ይዞ ሲዞር ይደረግ እንጂ፣ ባዶ ሲዞር የተለካ ቁጥር ያሳስታል።

ሁለተኛው በር የአስመጪዎችና የጅምላ ነጋዴዎች ቤት ነው። ሞተር፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ መሳቢያ ወይም የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ የሚያነብለት፣ ዕቃውም ሲደርስ ከተላከው መግለጫ ጋር የሚያመሳክርለት ሰው ያስፈልገዋል። ይህ በምሽትና በሰንበት ሊሠራ የሚችል ሥራ ስለ ሆነ፣ ለደመወዝተኛ መሐንዲስ የተመቸ ነው። ሦስተኛውም የሕንፃ ኤሌክትሪክ ንድፍ ማዘጋጀት፣ አራተኛው ደግሞ የከተማውን ኤሌክትሪክ ሠራተኞችና ሞተር ጠምጣሚዎች ማሠልጠን ነው። መሐንዲሱ እነዚህን ባለ እጆች እንደ ተፎካካሪ መቁጠር የለበትም። እርሱ ሲያጠናና ሲለካ፣ እነርሱ ይዘረጋሉ፣ ይገጥማሉ፤ ነጋዴውን በየቀኑ የሚያገኙትም እነርሱ ስለ ሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሚያመጡለት እነርሱው ናቸው።

ለቁይና ለመሰሎቿ ከተሞች ግን ከሁሉ የሚሻለው መንገድ በነጋዴዎቹ በራሳቸው እጅ ነው። ዕቁብ የሚጥል ነጋዴ ለብቻው ሊሰበስበው የማይችለውን ገንዘብ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ እንደሚያገኝ ያውቃል። በዚሁ ልማድ አሥር ነጋዴዎች ተስማምተው በየወሩ እኩል ቢያዋጡና አንድ መሐንዲስ በወር ሁለት ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ እንዲመጣ ቢዋዋሉ፣ ዕጣ የወጣለት ነጋዴ በዚያ ወር ሙሉ ምርመራ ያገኛል፤ የቀሩትም ያጋጠማቸውን ችግር በአጭሩ ያሳዩታል። በአሥር ወር ውስጥ አሥሩም ቤቶች ተመርምረው፣ ሁለቱ ወራት ለክትትል ይተርፋሉ። የመንገዱ ወጪ ለአሥር ሲከፈል አይከብድም፤ መሐንዲሱም በየሱቁ ደጅ ሥራ ሲለምን ከመዋል ድኖ፣ ዓመቱን የሚዘልቅ የታወቀ ገቢ ይኖረዋል።

፬. ሊጠበቁ የሚገባቸው ወሰኖች

የትርፍ ጊዜ ሥራ ክብሩ የሚጠበቀው ወሰኑ ሲታወቅ ነው። ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ እንደ ሆነ፣ መሐንዲሱ አስቀድሞ ፈቃዱን በጽሑፍ ሊያገኝ ይገባዋል። የመሥሪያ ቤቱን መለኪያ፣ መኪናና የሥራ ሰዓት ለግል ሥራው ማዋልም ነውር ብቻ ሳይሆን ከሥራ የሚያስወጣ ጥፋት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ድርጅት ውስጥ የሚሠራውን ሰው ይመለከታል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሥራ በኋለኛው ዘመን ለአንድ ኮርፖሬሽን ተላልፎ፣ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ድርጅቶች ተከፍሏል፤ ኃይል ማመንጨቱና ከፍተኛው መስመር ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆኗል። በአጠቃላይ አነጋገር እስከ ቆጣሪው ያለው የአከፋፋዩ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ደመወዝ ተቀብሎ እስከ ቆጣሪው ያለውን የሚጠብቅ ሰው፣ ያንኑ ሥራ ለማፋጠን ከነጋዴው በስውር ገንዘብ ቢቀበል ይህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይሆን ጉቦ ነው። ሁለት ወዶ አይሆንምና፣ እንዲህ ያለው ባለሙያ ወይ በማስተማርና በንድፍ ሥራ ይወሰን፣ ወይም ድርጅቱን አስፈቅዶ ጥቅም ከማያጋጭበት ቦታ ይሥራ። ነጋዴውም ዛሬ በስውር የከፈለው ነገ እንደ መብት እንደሚጠየቀው ማወቅ ይገባዋል።

ሌላው ወሰን የኮሚሽን ነገር ነው። ምን ዓይነት ሽቦ፣ የትኛው ብሬከር እንደሚገዛ የሚወስን መሐንዲስ፣ ዕቃውን ከሚሸጠው ሱቅ ኮሚሽን የሚቀበል ከሆነ ምክሩ ምክር መሆኑ ይቀራል። የድካሙን ዋጋ በግልጽ ከአሠሪው ይቀበል፤ ከሻጩ ግን አይቀበል። መስመር ዘርግቶ የሚያስረክብ ከሆነም፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ የብቃት ማረጋገጫ እንደሚያስፈልገው ሊያውቅ ይገባል። የምሕንድስና ዲግሪ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ነጋዴው ማስረጃውን ለማየት ቢጠይቅ መሐንዲሱን እንደ መጠራጠር ሊቆጠርበት አይገባም።

፭. የውሉ አጻጻፍ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ ሥራው ትንሽ ቢሆንም እንኳ ውሉ ይጻፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ ደንግጓል። በአንቀጽ 2610 የተመለከተው፣ አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ሠርቶ ለማስረከብ የሚገባውን ውል ነው፤ በአንቀጽ 2632 የተመለከተው ደግሞ የተለየ ዕውቀት ያለው ሰው በዕውቀቱ ለማገልገል የሚገባውን ውል ነው። ሁለቱም ከቅጥር ውል የሚለዩት፣ ሠሪው ሥራውን የሚመራው በአሠሪው ትእዛዝ ሳይሆን በራሱ መሪነት በመሆኑ ነው። ስለዚህ ወፍጮ ቤቱን መርምሮ ምክር የሚሰጠውና አዲስ መስመር ዘርግቶ የሚያስረክበው አንድ ዓይነት ውል አይዋዋሉም።

በውሉ ውስጥ ሊጻፉ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ሥራው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም፤ ዕቃውን ማን እንደሚገዛ፤ ሥራው ተፈጽሟል የሚባለው ምን ተለክቶ ምን ቁጥር ሲገኝ እንደ ሆነ፤ ከርክክቡ በኋላ ጉድለት ቢገኝ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚስተካከል፤ ክፍያውም መቼና እንዴት እንደሚፈጸም። ለክፍያው ሲሶው ሥራው ሲጀመር፣ ሲሶው ሲጠናቀቅ፣ የቀረው ሲሶ ደግሞ ሞተሩ አንድ ወር ያለ ጉድለት ከሠራ በኋላ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይስማማል። መሐንዲሱ የመጀመሪያውን ወጪ ይሸፍንበታል፤ ነጋዴውም የመጨረሻውን ሲሶ እንደ መያዣ ይቆጥረዋል።

የግብርም ነገር መዘንጋት የለበትም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከመቀጠር የሚገኝ ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ» ሲታይ፣ በግል በመሥራት የሚገኝ የሙያ ገቢ ግን በሠንጠረዥ «ሐ» የሚታይ ነው። ስለዚህ ደመወዙ ላይ ግብር ተቆርጦብኛል ብሎ የትርፍ ጊዜውን ገቢ መሸሸግ አይቻልም። ነጋዴውም ሕጋዊ ደረሰኝ ካልያዘ ያወጣውን ገንዘብ በወጪነት ለማስያዝ ይቸገራል። ደረሰኝ የማይሰጥ ርካሽ ሠራተኛ፣ ሒሳቡ በዓመቱ መጨረሻ ሲታይ ርካሽ ሆኖ አይገኝም።

፮. ማጠቃለያ

ባለወፍጮ ሞተሩ ሲቃጠል የሚያጣው የጥገናውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ለጥገና ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወርዶ እስኪመለስ ድረስ፣ እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬ ወደ ሌላ ወፍጮ ይሄዳል፤ የሄደም ደንበኛ ሁሉ አይመለስም። እህል የሚበዛበትም ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ምርመራው አዝመራ ከመሰብሰቡ በፊት፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በክረምት ወራት እንዲደረግ ያስፈልጋል፤ ያም ጊዜ በማስተማር ሥራ ላይ ላለው መሐንዲስ ዕረፍት የሚያገኝበት ወራት ስለ ሆነ ለሁለቱም የተመቸ ነው።

እንግዲህ በየከተማው ያሉ ነጋዴዎች ተሰብስበው በመጀመሪያ ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። የየራሳቸውን ሞተር ጉልበትና ያለፈውን ዓመት የጥገና ወጪ በአንድ ወረቀት ይጻፉ፤ ወረቀቶቹን አንድ ላይ ይደምሩ፤ ድምሩንም ይዘው አንድ የታመነ መሐንዲስ ያነጋግሩ። በዚያ ድምር ላይ የሚታየው ገንዘብ፣ መሐንዲሱን ለማዋዋል ይበቃ ወይም አይበቃ እንደ ሆነ ያለ ክርክር ያስረዳል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ሞተር ሳይነድ በፊት የሚከፈለው ገንዘብ ከነደደ በኋላ ከሚከፈለው ያነሰ ነውና።